ከአቼቶ እስከ አንድ መርፌ፦ የማህፀን በር ካንሰርና የድሃ አገሮች ረጅም መንገድ

ከካንሰር ዓይነቶች ሁሉ የማህፀን በር ካንሰርን ያህል ምስጢሩ የተፈታ ጥቂት ነው። መንስኤው ታውቋል፤ ክትባት ተገኝቶለታል፤ በማህፀን በር ላይ የሚነሣው ቁስለት ወደ ካንሰርነት ከመለወጡ በፊትም አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ፋታ ይሰጣል። በዚህ ፋታ ውስጥ የተደረሰበት ቁስለት አልጋ መያዝ ሳያስፈልግ በደቂቃዎች ይታከማል። ይህም ሆኖ በ2022 ብቻ በዓለም ላይ ወደ 660 ሺህ የሚጠጉ ሴቶች በዚህ ካንሰር ተይዘዋል፤ 350 ሺህ ያህሉም ሞተዋል። ከሟቾቹ ከመቶ 94ቱ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ነበሩ።

በሽታው እንግዲህ ሁለት ታሪክ አለው። አንዱ መንስኤውና መከላከያው እንዴት እንደታወቀ የሚናገረው ነው። ሌላው ያ እውቀት ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ሐኪም ከማይገኝበት ወረዳ ሴቶች ዘንድ ለመድረስ ስንት ዘመን እንደፈጀበት ይተርካል። ሁለተኛው ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ሀብታሞቹ አገሮች እንደ ሰጪ፣ ድሆቹ እንደ ተቀባይ ሆነው ነው። ነገሩን ቀረብ ብሎ ለመረመረ ግን እንዲህ አይደለም። መከላከያው ርካሽና ቀላል ሊሆን የቻለው በአብዛኛው በዚምባብዌ፣ በሕንድ፣ በኮስታሪካ፣ በኬንያና በታንዛኒያ ሴቶች ላይ በተካሄዱ ጥናቶች ነው። ይህ ቅኝት ሁለቱንም ታሪኮች ጎን ለጎን ይከተላል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቬሮና መዝገብ

በ1842 ዶሜኒኮ ሪጎኒ ስተርን የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም የቬሮና ከተማን የሞት መዝገብ ሲያገላብጥ አንድ ነገር አስተዋለ። መዝገቡ ከ1760 እስከ 1839 ያለውን ዘመን የሚሸፍን ነበር። የማህፀን ካንሰር ያገቡና ባሎቻቸው የሞቱባቸውን ሴቶች ሲገድል በገዳም በሚኖሩ መነኮሳይያት ዘንድ ግን እምብዛም አይታይም ነበር። በሽታው ከግብረ ሥጋ ግንኙነት ጋር የተያያዘ መሆኑን ከጠቆሙ ቀደምት የቁጥር ማስረጃዎች አንዱ ይህ ነው። ቫይረስ የሚባል ነገር በዓለም ላይ መኖሩ ገና ባልታወቀበት ዘመን ሪጎኒ ስተርን ከዚህ በላይ ሊራመድ አይችልም ነበር።

ይህ ግኝት ለሳይንስ መንገድ ቢያሳይም በብዙ አገር የሐሜት ምክንያትም ሆኗል። የማህፀን በር ካንሰር የያዛት ሴት ጠባይዋ ይጠረጠራል፤ እሷም በኀፍረት ሕመሟን ትደብቃለች። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በሽታውን የሚያመጣው ቫይረስ እጅግ የተለመደ በመሆኑ የግብረ ሥጋ ግንኙነት ከጀመሩ ሰዎች መካከል አብዛኞቹ፣ ወንድም ሆኑ ሴት፣ በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ ይያዙበታል። በአንድ ባል ተወስና የኖረች ሚስትም ልትያዝ ትችላለች። ሰውነት አብዛኛውን ጊዜ በአንድና በሁለት ዓመት ውስጥ ያስወግደዋል። ካንሰር የሚከተለው ቫይረሱ በሰውነታቸው ለዓመታት በሚቆይባቸው ጥቂቶች ላይ ነው።

ፓፕ ስሚርና የማይደረስበት ሰንሰለት

ጆርጅ ፓፓኒኮላዎ ከግሪክ ኢዩቢያ ደሴት ተነሥቶ በ1913 ኒውዮርክ ሲገባ ሐኪም ቢሆንም የመጀመሪያ ሥራው በአንድ ትልቅ መደብር ውስጥ ምንጣፍ መሸጥ ነበር። በኋላ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተቀጥሮ ከማህፀን በር የሚጠረጉ ሕዋሳትን በማይክሮስኮፕ ማጥናት ጀመረ። ባለቤቱ አንድሮማኪ የቤተ ሙከራ ረዳቱም፣ ለዓመታት ናሙና የምትሰጠው የጥናቱ ተሳታፊም ነበረች። ፓፓኒኮላዎ የካንሰር ሕዋሳትን በዚህ መንገድ መለየት እንደሚቻል በ1928 ቢናገር ሰሚ አላገኘም። ከኸርበርት ትራውት ጋር ሆኖ መጽሐፉን ያሳተመው በ1943 ነው። ምርመራውም በስሙ ፓፕ ስሚር ተባለ።

ከዚያ በኋላ ሀብታሞቹ አገሮች ፈጠን አሉ። የካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በ1949 ምርመራውን በስፋት ጀመረች። በ1960ዎቹ አገር አቀፍ ምርመራ የዘረጋችው ፊንላንድ ከጊዜ በኋላ በበሽታው የሚሞቱባትን ሴቶች ቁጥር በ80 ከመቶ ገደማ ቀነሰች። መንስኤው ሳይታወቅ፣ ክትባት ሳይኖር፣ በጥርጊያና በማይክሮስኮፕ ብቻ የተገኘ ድል ነበር።

ድሉ ግን ድሃ አገሮች ውስጥ አልተደገመም። የፓፕ ስሚር ሥራ ረጅም ሰንሰለት አለው። ናሙናው ይወሰዳል፣ በመስታወት ላይ ይቀባል፣ ቀለም ይነከራል፣ የሠለጠነ ባለሙያ በማይክሮስኮፕ ያነበዋል። ውጤቱ ከሳምንታት በኋላ ተመልሶ ሴትየዋ ትጠራለች፣ ለተጨማሪ ምርመራ ትላካለች፣ ከዚያ ትታከማለች። ይህም በየጥቂት ዓመቱ ይደገማል። ፓቶሎጂስቶቹ በጣት በሚቆጠሩበት፣ አድራሻ ማለት የቀበሌና የጎጥ ስም በሆነበት አገር ሰንሰለቱ ከመካከሉ ይበጠሳል። ግማሽ ቀን በእግሯ ተጉዛ ጤና ጣቢያ የደረሰች እናት ውጤቷን ለመስማት ሌላ ግማሽ ቀን አትመለስም። ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የተሻለ የላቦራቶሪ አቅም የነበራት ደቡብ አፍሪካ እንኳ በ2000 ያወጣችው መመሪያ ለአንዲት ሴት በዕድሜዋ ሦስት ፓፕ ስሚር ብቻ፣ ከ30 ዓመቷ ጀምሮ በአሥር አሥር ዓመት ልዩነት፣ የሚፈቅድ ነበር።

በሀብታም አገር ውስጥም ቢሆን ድሃ የሆነች ሴት ከዕጣው አላመለጠችም። ሄንሪየታ ላክስ የተባለች የ31 ዓመት አፍሪካ አሜሪካዊት የአምስት ልጆች እናት በ1951 በባልቲሞር፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በማህፀን በር ካንሰር ሞተች። ሐኪሞቹ ፈቃዷን ሳይጠይቁ ከዕጢዋ የወሰዷቸው ሕዋሳት ሂላ በሚል ስም በዓለም ቤተ ሙከራዎች ሁሉ ተባዙ። የፖሊዮ ክትባት ሲሞከር አገልግለዋል፤ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ምርምሮችም ተካሂደውባቸዋል። የሷ ሕዋሳት የገደላትን በሽታ መንስኤ ለማወቅም ማስረጃ ሆነዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም በ2021 ልጇን ጄኔቫ ጠርተው የክብር ሽልማት በሰጡ ጊዜ ያ ዕዳ በይፋ ታወቀ።

ተጠያቂው ሲያዝ

በ1970ዎቹ ብዙ ተመራማሪዎች ጣታቸውን የቀሰሩት በብልት ሄርፒስ ቫይረስ ላይ ነበር። ጀርመናዊው ሃራልድ ዙር ሃውዘን ግን ኪንታሮት የሚያመጣው የፓፒሎማ ቫይረስ ዘመዶች መፈተሽ አለባቸው ብሎ ተከራከረ። በ1983 የእሱ ቡድን 16 የሚል ቁጥር የተሰጠውን የቫይረሱን ዓይነት ከማህፀን በር ዕጢ ውስጥ አወጣ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ 18 የተባለውን አገኘ፤ ይኸው ዓይነት በሄንሪየታ ላክስ ሕዋሳት ውስጥም ተገኘ። ዙር ሃውዘን በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

ቫይረሱን በዕጢ ውስጥ ማግኘት ግን ዕጢውን ያመጣው እሱ ነው ለማለት አይበቃም። ይህን ያረጋገጡት በየአገሩ የታመሙና ጤነኛ ሴቶችን ያነጻጸሩ ጥናቶች ናቸው። የዚህ ሥራ ግንባር ቀደም ኮሎምቢያዊቷ ሐኪም ኑቢያ ሙኞዝ ናት። በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ውስጥ ሆና በሽታው በሚበዛባት ኮሎምቢያና በሚያንስባት ስፔን የጀመረችው ንጽጽር ወደ እስያ፣ ወደ አፍሪካና ወደ ሌሎች የላቲን አሜሪካ አገሮች ሰፋ። ተቋሙ በ1995 ዓይነት 16ንና 18ን ካንሰር አምጪ ብሎ ፈረጀ። ከብዙ አገሮች የተሰበሰቡ ዕጢዎችን የመረመረ አንድ ጥናት በ1999 ቫይረሱን ከመቶ 99.7 በሆኑት ውስጥ እንዳገኘ አስታወቀ። ከ200 ከሚበልጡት የቫይረሱ ዓይነቶች ካንሰር የማምጣት ከፍተኛ አቅም ያላቸው ወደ 14 ይጠጋሉ። ከማህፀን በር ካንሰሮች ውስጥ 70 ከመቶ ያህሉን የሚያመጡት 16 እና 18 ብቻ ናቸው። ሁለት ጠላት መትቶ አብዛኛውን ጦርነት ማሸነፍ የሚቻል ሆነ።

የአቼቶ ዘመን

ሳይንቲስቶቹ ቫይረሱን ሲያሳድዱ ሌሎች ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይዘው ነበር፦ ያለ ላቦራቶሪ መመርመር ይቻላል? መልሱ ማድ ቤት ውስጥ ተገኘ። ከ3 እስከ 5 ከመቶ አሴቲክ አሲድ ያለበት ውሃ፣ ማለትም ሰላጣ ላይ ከምናፈሰው አቼቶ የማይለይ ፈሳሽ፣ በጥጥ ተነክሮ የማህፀን በር ላይ ሲቀባ ያልተለመደ ለውጥ ያለበት ክፍል በአንድ ደቂቃ ውስጥ ነጭ ይሆናል። ነርሷ በዓይኗ ታያለች፤ ሴትየዋም ከአልጋው ሳትወርድ ውጤቷን ትሰማለች።

ዘዴው ሥራ ላይ ሊውል እንደሚችል ካሳዩት ጥናቶች አንዱ የተካሄደው በዚምባብዌ ነው። አዋላጅ ነርሶች ወደ 11 ሺህ የሚጠጉ ሴቶችን የመረመሩበት ይህ ጥናት በ1999 ታተመ። አቼቶው ከፓፕ ስሚር የበለጠ ብዙ ቁስለት ያዘ፤ በሌላ በኩል ጤነኛ የሆኑትንም በሐሰት ይጠረጥር ነበር። ጉድለቱ የታወቀ ቢሆንም ጥቅሙ አመዘነ። ምርመራውና ሕክምናው በአንድ ቀን ስለሚያልቁ ለቀጠሮ መመለስ ቀረ።

በሙምባይ ድሃ ሰፈሮች የታታ መታሰቢያ ሆስፒታል በ1998 የጀመረው ጥናት ደግሞ ነርስ እንኳ ሳያስፈልግ ሥራው እንደሚሠራ አሳየ። የአሥረኛ ክፍል ትምህርት ያላቸው የሰፈሩ ሴቶች ለአንድ ወር ገደማ ሠልጥነው ጎረቤቶቻቸውን በየሁለት ዓመቱ መረመሩ። 150 ሺህ ያህል ሴቶችን ያቀፈው የዚህ ጥናት ውጤት በ2013 ሲገለጽ በተመርማሪዎቹ ቡድን ውስጥ የሞት መጠን በ31 ከመቶ ቀንሶ ተገኘ። በማሃራሽትራዋ ኦስማናባድ ወረዳ ከ130 ሺህ በሚበልጡ ሴቶች ላይ የተካሄደው ሌላ ጥናት በ2009 እንዳመለከተው ደግሞ ቫይረሱን ራሱን የሚፈልግ የዘረ መል ምርመራ አንድ ጊዜ ብቻ ሲደረግ በበሽታው የሚሞቱትን በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

እነዚህ የሕንድ ጥናቶች የሥነ ምግባር ወቀሳም ደርሶባቸዋል። ለማነጻጸሪያ የተመደቡት ሴቶች ትምህርት እንጂ ምርመራ አልተሰጣቸውም፤ ከመካከላቸውም በበሽታው የሞቱ አሉ። ተመራማሪዎቹ በአገሪቱ የተለመደው አገልግሎት ከዚያ የተሻለ አልነበረም ብለው ተከላከሉ። ተቺዎቹ ደግሞ ጥቅሙ በሌላ አገር የታወቀን ነገር ድሃ ሴት መከልከል ለምን አስፈለገ ብለው ጠየቁ። ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። ዓለም በእነዚያ ጥናቶች ሲጠቀም ይህን አብሮ ሊያስታውስ ይገባል።

አፍሪካ ውስጥ ዘዴውን ከኤችአይቪ ክሊኒክ ጋር አጣምሮ በስፋት ለመሥራት ቀድማ የተነሣችው ዛምቢያ ናት። ኤችአይቪ በደማቸው ያለባቸው ሴቶች በማህፀን በር ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ስድስት እጥፍ ነው፤ የበሽታው ጉዞም በእነሱ ዘንድ ይፈጥናል። በሉሳካ በ2006 የተጀመረው በነርሶች የሚመራ አገልግሎት የማህፀን በርን በዲጂታል ካሜራ እያነሣ ሴቶቹ ራሳቸው እንዲያዩት ያደርግ ነበር። ነርሷ የተጠራጠረችውንም ፎቶ ሐኪሙ ከሩቅ ሆኖ ይፈርደዋል። ቁስለቱን በቅዝቃዜ የሚያክመው ክራዮቴራፒ ከባድ የጋዝ ሲሊንደር ስለሚፈልግ በገጠር አስቸጋሪ ነበር። በኋላ በባትሪ የሚሠራና በእጅ የሚያዝ፣ ቁስለቱን በሙቀት የሚያጠፋ መሣሪያ መጣ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 መመሪያ አወጣለት።

መርፌው መጣ፤ ለማን?

የክትባቱ መሠረት የተጣለው በአውስትራሊያ ብሪዝበን ነው። ኢያን ፍሬዘርና ቻይናዊው ጂያን ዡ በ1991 የቫይረሱን የላይኛ ሽፋን ፕሮቲን ለብቻው ሲሠሩት ራሱን በራሱ እየገጣጠመ ባዶ ኳስ ሆነ። ውስጡ የዘር ቅንጣት ስለሌለ ሊያሳምም አይችልም፤ የሰውነት መከላከያ ግን ቫይረሱ የመጣ መስሎት ይዘጋጅበታል። በአሜሪካም ሌሎች ቡድኖች በተመሳሳይ መንገድ ይሠሩ ነበር። ጂያን ዡ ክትባቱ ገበያ ላይ ሲውል ሳያይ በ1999 አረፈ። ጋርዳሲል የተባለው ክትባት በሰኔ 2006 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ሰርቫሪክስም ተከተለ። አውስትራሊያ በ2007 ለልጃገረዶቿ መስጠት ጀመረች።

ዋጋው ግን ሰማይ ነበር። ጋርዳሲል በአሜሪካ ለአንድ መርፌ 120 ዶላር፣ ለሚያስፈልጉት ሦስት መርፌዎች 360 ዶላር ያህል ይጠየቅበት ነበር። ለአንድ ሰው ጤና በዓመት ጥቂት ዶላር ብቻ ለሚያወጣ አገር ይህ የሚታሰብ አልነበረም። በሽታው እምብዛም የማይገድልበት አገር ክትባቱን ሲያገኝ፣ የሚገድልበት አገር እንዲጠብቅ ተፈረደበት።

ከአፍሪካ ወረፋውን የሰበረችው ሩዋንዳ ናት። በ2011 ከአምራቹ ከመርክ ኩባንያ በተለገሰ ክትባት በትምህርት ቤት ያሉ ልጃገረዶችን በሦስት ዙር ከተበች፤ ከትምህርት ቤት ውጭ ያሉትንም የየመንደሩ ጤና ሠራተኞች ፈልገው አመጡ። ሽፋኑ ከመቶ 93 ደረሰ። ልገሳው ሲያልቅ ምን ይሆናል ያሉ ተቺዎች ቢነሡም አንድ ነገር ታየ፦ ድሃ አገር ዋጋው እንጂ አቅሙ አላነሰውም።

የክትባት ጥምረቱ ጋቪ በ2013 ዋጋውን በአንድ መርፌ 4 ዶላር ከ50 ሳንቲም አደረሰው። ኬንያ በዚያው ዓመት በእርዳታው ጀመረች። ብዙ አገሮች ተራ ሲይዙ ግን ሌላ እንቅፋት መጣ፦ አምራቾቹ ሁለት ብቻ ስለነበሩ ክትባቱ አልበቃ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት አማካሪዎች በ2019 አገሮች ወንዶች ልጆችንና ከፍ ያለ ዕድሜ ያላቸውን መከተብ ለጊዜው እንዲያቆዩ መከሩ። በዚያው ሰሞን ክትባቱን በመደበኛ ፕሮግራም ያስገቡት ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አገሮች ከሲሶ አይበልጡም ነበር፤ ከሀብታሞቹ ግን አብዛኞቹ አስገብተውታል። ጫናው መቅለል የጀመረው አዳዲስ አምራቾች ሲነሡ ነው። የቻይናው ሴኮሊን በ2021 የዓለም ጤና ድርጅትን ዕውቅና አገኘ፤ የሕንዱ ሴረም ኢንስቲትዩትም ሰርቫቫክን በ2023 ለገበያ አቀረበ።

ከሦስት ወደ አንድ

ለድሃ አገሮች ከአዲስ ፋብሪካ የበለጠ የጠቀመው የመርፌው ቁጥር መቀነስ ነው። ይህም ቁም ነገር በከፊል በአጋጣሚ የተገኘ ነው።

በኮስታሪካ በተካሄደ ትልቅ ሙከራ ውስጥ የተወሰኑ ሴቶች በእርግዝናና በሌሎች ምክንያቶች ሦስቱን መርፌ ሳይጨርሱ ቀሩ። ተመራማሪዎቹ በ2011 ሲያዩ አንድ ብቻ የወሰዱትም እንደ ሌሎቹ ተጠብቀው አገኟቸው። ሕንድ ውስጥ የሆነው ደግሞ ከዚህም የሚገርም ነው። በ2009 ሁለት መርፌን ከሦስት ጋር ሊያነጻጽር 20 ሺህ ልጃገረዶችን አቅዶ የተነሣ ጥናት በ2010 በመንግሥት ትእዛዝ በመካከሉ ቆመ። ምክንያቱ ጥናቱ ራሱ አልነበረም። በአንድራ ፕራዴሽና በጉጃራት ይካሄድ በነበረ ሌላ የክትባት ፕሮጀክት ውስጥ ሰባት ልጃገረዶች ሞተው ነበር። ሞታቸው ከክትባቱ ጋር እንደማይያያዝ መርማሪዎች ቢያረጋግጡም የወላጆች ፈቃድ የተወሰደበት መንገድ በብርቱ ተተችቷል። በትእዛዙ ሳቢያ ከ4 ሺህ በላይ ልጃገረዶች አንድ መርፌ ብቻ ወስደው ቀሩ። ተመራማሪዎቹም ተከታተሏቸው። ከአሥር ዓመት በኋላ አንዱ መርፌ በ16 እና በ18 ከሚመጣ ዘላቂ ልክፈት በ95 ከመቶ ገደማ እንደሚጠብቅ ታወቀ።

አጋጣሚውን ወደ ጽኑ ማስረጃ የለወጡት አፍሪካውያት ናቸው። በኬንያ፣ በኪሱሙ፣ በቲካና በናይሮቢ ከ15 እስከ 20 ዓመት የሆናቸው 2,275 ወጣት ሴቶች በተሳተፉበት ሙከራ አንድ መርፌ በ18 ወራት ውስጥ 97.5 ከመቶ ውጤታማ ሆነ። በታንዛኒያዋ ምዋንዛ 930 ልጃገረዶች የተሳተፉበት ጥናት የሰውነት መከላከያው ጸንቶ እንደሚቆይ አመለከተ። የዓለም ጤና ድርጅት በታህሳስ 2022 ከ9 እስከ 20 ዓመት ላሉ አንድ መርፌ ይበቃል የሚለውን አማራጭ ተቀበለ። ወጪውና ድካሙ በአንድ ጊዜ ወረደ፤ ዛሬ እንግሊዝና አውስትራሊያም ለልጆቻቸው አንድ መርፌ ይሰጣሉ። የድሃ አገር ልጃገረዶች የሰጡት ማስረጃ የሀብታሙንም አገር በጀት አቅልሏል።

ወሬ የሚያፈርሰው

ክትባቱ ጠቃሚ ስለመሆኑ ዛሬ ጥርጥር የለም። በእንግሊዝ በ12 እና በ13 ዓመታቸው የተከተቡ ሴቶች ላይ ካንሰሩ በ87 ከመቶ መቀነሱ በ2021 ተነገረ። ግን የሕዝብ እምነት ከሌለ ማስረጃ ብቻውን አይሠራም። ጃፓን በ2013 ያልተረጋገጠ የጎንዮሽ ጉዳት በመገናኛ ብዙኃን ሲናፈስ ክትባቱን መምከር አቆመች፤ 70 ከመቶ ገደማ የነበረው ሽፋን ከ1 ከመቶ በታች ወረደ። ምክሩ የተመለሰው በ2022 ነው። በኮሎምቢያዋ ኤል ካርመን ደ ቦሊቫር ከተማ በ2014 በብዛት ራሳቸውን የሳቱ ተማሪዎች ምስል በአገሩ ተሰራጨ። ምርመራው ከክትባቱ ጋር ግንኙነት አላገኘም፤ ሽፋኑ ግን ተንኮታኮተ። በአፍሪካ ደግሞ ክትባቱ ያመክናል የሚለው ወሬ በየአገሩ ተደጋግሟል። ለሴት ልጅ ብቻ፣ ያውም ልጅነቷን ሳትጨርስ የሚሰጥ መርፌ ጥርጣሬ ቢያስነሣ አያስደንቅም። ጥርጣሬውን የሚያፈርሰው ወላጅ የሚያምነው ሰው ነው፦ መምህር፣ የሃይማኖት አባት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ።

ኢትዮጵያ የት ናት?

በአገራችን የማህፀን በር ካንሰር ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሴቶችን የሚያጠቃ ነው። በ2020 በተሠራ ዓለም አቀፍ ግምት በዓመት ከ7,400 በላይ ኢትዮጵያውያት ይያዙበታል፤ ከ5,300 በላይ ይሞቱበታል። የሟቾቹ ቁጥር ለተያዦቹ ይህን ያህል መቅረቡ ሴቶቻችን ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ከዘገዩ በኋላ መሆኑን ይናገራል። ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና ይገኝ የነበረው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነው። ከክልል የመጣች ታማሚ አዲስ አበባ ዘመድ ጋ ተጠግታ ተራዋን ለወራት ስትጠብቅ በሽታው ሳይጠብቃት ቀርቷል።

የአቼቶ ምርመራውና በዚያው ቀን የሚሰጠው ሕክምና በ2010 ገደማ አዲስ ተስፋ በተባለ ፕሮጀክት፣ በተለይ ኤችአይቪ በደማቸው ላለባቸው ሴቶች፣ በተመረጡ ሆስፒታሎች ተጀመረ። ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያዎች ወረደ። ሆኖም በ2015 የተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከ30 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች ተመርምረው የሚያውቁት ከመቶ ሦስት ያህል ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል።

የክትባቱ ሙከራ በትግራይ አህፈሮምና በኦሮሚያ ጎማ ወረዳዎች በ2015 ተደረገ። አገር አቀፉ ዘመቻ የተከፈተው በታህሳስ 2018 ሲሆን የዓለም እጥረት ስለነበር የተከተቡት የ14 ዓመት ልጃገረዶች ብቻ ነበሩ። ወደ አንድ መርፌ መሸጋገሩ ይህን ገደብ ፈታው። በ2024 መጨረሻ ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉ ከ7 ሚሊዮን በላይ ልጃገረዶችን ለማዳረስ ዘመቻ ተካሄደ። ከሁሉ የሚያስቸግረው ትምህርት ቤት የማትገኘዋን ልጅ ማግኘት ነው። ያለ ዕድሜዋ የተዳረች፣ ከግጭት የተፈናቀለች፣ በሰው ቤት የምታገለግል ልጅ ከሌሎቹ ይልቅ መርፌው የሚያስፈልጋት ሆና ሳለ በክፍል መዝገብ ውስጥ ስሟ የለም።

90፣ 70፣ 90

ዶክተር ቴድሮስ በግንቦት 2018 በሽታው እንዲወገድ ዓለምን ጠሩ። በኅዳር 2020 ይፋ የሆነው ስልት እስከ 2030 ሦስት ግብ አለው። 90 ከመቶ ልጃገረዶች 15 ዓመት ሳይሞላቸው ይከተባሉ፤ 70 ከመቶ ሴቶች በ35 እና በ45 ዓመታቸው አስተማማኝ በሆነ ዘዴ ይመረመራሉ፤ ቁስለትም ሆነ ካንሰር ከተገኘባቸው 90 ከመቶው ይታከማሉ። በሽታው ተወገደ የሚባለው በዓመት ከ100 ሺህ ሴቶች ከ4 በታች ሲይዝ ነው።

በ2019 በዓለም ከሚገባቸው ልጃገረዶች 17 ከመቶው ብቻ አንድ መርፌ አግኝተው ነበር፤ በ2024 ወደ 31 ከመቶ አደገ። ናይጄሪያ፣ ባንግላዴሽና ኢንዶኔዥያ በ2023፣ ፓኪስታን በ2025 ገብተውበታል። በዚያው በ2025 ግን አሜሪካ ለጋቪ የምትሰጠውን ገንዘብ እንደምታቆም አስታውቃለች። በልገሳ የቆመ ፕሮግራም በሌላ አገር ምርጫ ሊናጋ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማሳያ አይገኝም።

ከሦስቱ ግቦች ወደ ኋላ የቀረው መካከለኛው ነው። ክትባት ዘመቻ ነው፤ ይታያል፣ ይቆጠራል፣ ሪባን ይቆረጥለታል። ምርመራ ግን በየቀኑ የሚሠራ ዝምተኛ ሥራ ነው። ዛሬ የተከተበች የ12 ዓመት ልጅ ከካንሰር መትረፏ የሚታየው ከ20 እና ከ30 ዓመት በኋላ ነው። እስከዚያ የሚሞቱት እናቷ፣ አክስቷና መምህርቷ ናቸው፤ ለእነሱ መርፌው አልፏቸዋል። ቫይረሱን ራሱን የሚፈልገው ምርመራ፣ ሴትየዋ በራሷ እጅ ናሙና ወስዳ የምትሰጥበት መንገድም ያለው፣ በየጤና ጣቢያው እስኪዳረስ አቼቶው ሥራውን መቀጠል አለበት። ልጆችን ከትቦ እናቶችን የዘነጋ አገር ግማሹን ሥራ ብቻ ሠርቷል።

ስለዚህ ከ9 እስከ 14 ዓመት ያለች ልጅ ያላችሁ፣ ዘመቻው ሲመጣ አታስቀሩባት። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ፣ ኤችአይቪ ካለባችሁም ከ25 ጀምሮ፣ በአቅራቢያችሁ ባለ ጤና ጣቢያ ስለ ምርመራው ጠይቁ። ባሎችና ወንድሞችም በዚያ ቀን የቤቱን ሥራ ያዙ፤ የትራንስፖርቱንም ወጪ ሸፍኑ። የማህፀን በር ካንሰር ደም ማፍሰስና ሕመም እስኪያሳይ ከተጠበቀ ቀላሉ ጊዜ አልፏል። ምርመራው የተሠራው ምንም አያመኝም ለምትል ሴት ነው።